«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት

በአዲስ አበባ መኪና የሚነዳ ሰው ሙቀት ቢሰማው መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ለሥራ ጉዳይ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጎዴ ወይም ወደ ጋምቤላ ለሚወርድ ሠራተኛ ግን የመኪናው ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መተሐራ ታልፎ አዋሽ ሲደረስ ቀዝቃዛው ነፋስ ድንገት ትኩስ ይሆንና ሾፌሩ «ጋዙ አልቋል» ይላል። ጋራዥም ሲገባ ጋዝ ይሞላል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ጥቂት ሰንብቶ ማቀዝቀዣው እንደገና ይከዳል።

ይህ አነጋገር ጋዙን እንደ ቤንዚን ከመቁጠር የመጣ ነው። ቤንዚን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ ግን ሥራው መዞር ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ይግላል፤ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲቀንስ መልሶ ይተንናል፤ በሚተንበትም ጊዜ ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ ይወስዳል። በብዙ መኪኖች የሚገኘው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ጋዙ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ ጋዝ መሙላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል።

ደግሞም ድንገተኛው ብልሽት ሁሉ ከጋዝ የመጣ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ መመልከት ይገባል፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ኮምፒዩተሩ ራሱ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋልና። መርፌው ወደ ላይ ከወጣ መኪናውን ማቆም ነው እንጂ በማቀዝቀዣው መማረር አይጠቅምም፤ የጋለውንም ራዲያተር ክዳን መክፈት ያቃጥላል።

ሞተሩ ደኅና ከሆነ ነፋሱን ማጤን ነው። ነፋሱ ጨርሶ ከጠፋ ፊውዙን ወይም ነፋስ የሚያመጣውን ሞተር መመርመር ያሻል። ነፋሱ እየደከመ ሄዶ፣ ማቀዝቀዣው ጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት የሚመለስ ከሆነ፣ ውስጡ በረዶ ሠርቷል፤ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ሊሆንም ይችላል። መኪናው ሲሄድ እያቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ መዞር አለመዞሩ ይታይ።

ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ትኩስ ከሆነ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ይጫን። (ክራባት ያሰረ ሹም ከሚሽከረከረው ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ ከሚሉት፣ ራቅ ብሎ ይቁም።) በብዙ መኪኖች የኮምፕሬሰሩ ግንባር «ቀጭ» ብሎ አብሮ መዞር ይጀምራል። ካልዞረ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም ሽቦው ይመረመራል። ጋዙ እጅግ ሲጎድልም ግፊቱን የሚጠብቀው ማብሪያ ኮምፕሬሰሩን ያግደዋል፤ ቀስ በቀስ የጎደለ ጋዝ «ድንገት አቆመ» የሚያሰኘው ይህ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ግን ፈንጥቆ የመጣ ድንጋይ ኮንደንሰሩን በስቶ ጋዙን በአንድ ጊዜ ሊያወጣው ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ለበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩ ይለያል። ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፤ በብዙዎቹም ባትሪውን ጭምር የሚያቀዘቅዘው ይኸው ነው። ብርቱካንማውን ሽቦ ከባለሙያ በቀር ማንም አይንካ።

ጋዝ የጎደለ መሆኑ ከታወቀ ጋራዡን አስቀድሞ «የሚያፈስሰው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር በሚያፈስስበት መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ይታያል። ከተጠገነም በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሞላል፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፎ ይገኛል።