ሱባኤና ዕረፍት በአንድ ጉዞ

ነሐሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ወላጆችም የዓመት ፈቃዳቸውን የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው። ከወሩ 1 ጀምሮ እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ በዓሉ በ16 ይከበራል። ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ሱባኤ የሚገቡበት ወቅትም ይኸው ነው። እንዲህ ተገጣጥሞ ሳለ ብዙ ቤተሰብ ወይ ሐይቅ ዳር ሄዶ መዝናናት፣ ወይ ገዳም ገብቶ መጾም ብቻ ያለ ይመስለዋል።

ሁለቱ ግን አይጣሉም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሐዋርያት ከስብከት ሲመለሱ፣ ጌታ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል።

ደብረ ሊባኖስን እንመልከት። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ይህ ገዳም መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያው የግራዚያኒ ጦር የጨፈጨፈውም የዚሁን ገዳም መነኮሳት ነው። ምእመናን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ ከዚያም ጻድቁ በጸለዩበት ዋሻ ጸበል ለመጠመቅ ዳገቱን ይወጣሉ። ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ በተለምዶ የፖርቹጋሎች ድልድይ የሚባለው አለ፤ በክረምት ፏፏቴው ሞልቶ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይታያል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫሉ። ጸበል የተጠመቀ ሰው ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ይህን ቢያይ ሱባኤው አይፈርስበትም።

የፍልሰታ ሥርዓትም ራሱ ለዕረፍት ቦታ አለው። ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፤ ቅዳሴው ቀትር ገደማ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሱባኤተኛው ቆሎውን ወይም በሶውን ቀምሶ ጋደም ይላል፣ ያነባል፣ ከአባቶች ጋር ይነጋገራል። በከተማ በዓመት አንዴ የማይገኝ ጸጥታ ነው።

ይህን ጸጥታ የሚያሳጣው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ መንገዱ ሁሉ በመዝሙር ይዘለቃል፤ ተጓዡም ተሳልሞ፣ ተጠምቆ፣ ለጉባኤ ተሯሩጦ ማታ ይመለሳል። ይህን ጉዞ የሚያዘጋጁ የአጥቢያ ማኅበራት ባይኖሩ ኖሮ ገዳም ሳያይ የሚቀረው ምእመን ብዙ በሆነ ነበርና ልፋታቸው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ከመሮጥ አንዴ ሄዶ ሦስት ሌሊት ማደር ለነፍስም ለሥጋም ይበልጣል። አዘጋጆቹ ቢያንስ በፍልሰታ ይህን ቢሞክሩት መልካም ነው።

በወንጌላውያንና በካቶሊካውያን ዘንድ ልማዱ ሌላ መልክ አለው። ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ባለችው ቢሾፍቱ፣ በሐይቆቹ ዙሪያ ለጸሎትና ለጥሞና የተዘጋጁ ማረፊያዎች አሉ። እንግዳው ክፍል ይይዛል፤ ጠዋት ቃል ሰምቶ ከሰዓት ውሃው ዳር ይቀመጣል። ማደር የጉዞው አካል ተደርጎ መያዙን ሌላውም ቢማረው ይጠቅማል።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ የገዳማቱን ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። በዘጌ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው የእግር መንገድ ለልጅም አይከብድም። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልልና በሰሜን ሸዋ የጸጥታ ችግር ስለበረታ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በአካባቢው የሚኖር ሰው መጠየቅ ግድ ነው። የሚሄድም ባዶ እጁን አይሂድ፤ ገዳማቱ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ዱቄት ይፈልጋሉ፤ እንግዳ በበዛ ቁጥርም የሚያስተናግዱት መነኮሳት ሥራ ይጨምራል።