ከአምቡሊ እስከ ዳይ፤ በጥር ብርድ ከሕፃን ጋር

የአምቡሊ ነዋሪ ስለ ብርድ ብዙ አያውቅም። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት በጥር ቀን ላይ ወደ 28 ዲግሪ ቢወርድ ነው። ስለዚህ የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቼ፣ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጃችንን ይዘን ወደ ጎዳ ተራራ ለመውጣት ስንሰናዳ፣ ጎረቤቶቻችን «ደግሞ ለሕፃን ብርድ ፍለጋ ይኬዳል?» እያሉ ሳቁብን።

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ታጁራ በመንገደኛ መርከብ፣ ከዚያም በራንዳ በኩል በመኪና ሽቅብ ተጓዝን። በዳገቱ ላይ ማሙሽ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ፤ እናቱ ጡት ስትሰጠው ግን ዝም አለ። መዋጥ የጆሮን ግፊት ያቃልላልና።

የዳይ ደን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከሰፈራችን ጋር ያለው ልዩነት 9 ዲግሪ ይሆናል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም የበዛ ይመስላል። የደኑ ዛፍ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ነው። አብዛኛው ደርቆ እንደ አጥንት ነጥቶ መቆሙ ያሳዝናል። ከጅቡቲ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ቆቅ በዚሁ ደን ይኖራል፤ እኛ ግን ለማየት አልታደልንም። ማሙሽ የሚያሳድደው ፍየል አግኝቶ ስለ ነበር አልቆጨውም። ካልሲ ከተወለደ አድርጎ አያውቅምና አንዱን አውልቆ ለፍየሏ አቀረበላት።

ጎጆአችን በሰሌን የተሠራች ነበረች። ሲመሽ ነፋሱ በሰሌኑ መካከል ስለ ገባ፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስና በላስቲክ ሸፈንነው። የከሰል ምድጃውንም አስገባን። ከሰሉ ነድዶ ፍም ከሆነ ጉዳት የለውም ብለን ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ባለቤቴ በሩን ጥቂት እንክፈተው ብላኝ ነበር።

ራሴን ሲያመኝ የመንገድ ድካም መሰለኝ። የጎጆዎቹ ጠባቂ የሆኑት የአፋር አዛውንት ማንቆርቆሪያ ሊወስዱ መጥተው በሩን ገለጡና ምድጃውን አዩ። ቋንቋችንን አያውቁም፤ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ምድጃውን አንሥተው ወደ ውጭ ወረወሩት። ሕፃኑን ስንቀሰቅሰው አንገቱ ዘንበል አለ። ወደ ውጭ ይዘነው ወጣን። ነፋሱ ፊቱን ሲመታው አስመለሰው፤ ቀጥሎም አለቀሰ። ያን ለቅሶ የሰማሁበትን ደስታ ለመግለጽ አልችልም።

በማግሥቱ በታጁራ ያየው ሐኪም ደኅና መሆኑን ነግሮ ምክንያቱን አስረዳን። ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከአዋቂ አስቀድሞ ይጎዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ እንቅልፍ ምልክቶቹ ናቸው፤ ያን ጊዜ በር ከመክፈት አልፎ ሁሉንም ሰው ማስወጣት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ ባለቤቴ «እንመለስ» አለችኝ። ወደ አምቡሊ መስሎኝ ሻንጣውን አነሣሁ። እርስዋ ግን ያለችው ወደ ዳይ ነበር።

የቀሩንን ሁለት ሌሊቶች ምድጃው ከደጅ አደረ። ልጃችንን በአንድ ወፍራም ካፖርት ፈንታ ስስ ልብስ በስስ ልብስ ላይ ደርበን አለበስነው፤ በመካከላቸው የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛልና። የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ፣ መሞቁን የምናውቀው ማጅራቱን በመዳሰስ ነበር። አዛውንቱም በየምሽቱ እየመጡ በሩን ገለጥ አድርገው ያዩና ፈገግ ብለው ይሄዱ ነበር።

በመጨረሻው ማለዳ ማሙሽ ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት አየ። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ እፍ እያለ በሁለት እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ መኪናው እስኪመጣም ድረስ አላቆመም።