መቀሌ እንዴት ከተማ ሆነች

«ከተማ» የሚለው ቃል ቀድሞ የንጉሥ የድንኳን ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ተጠቅልሎ አብሮት ይነሣል። መቀሌ ግን ንጉሧ ሳይመለሱ ቀርተውም እዚያው ቆማ ቀረች። ምስጢሩ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከጨው መንገዱ ላይ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የእንደርታ መናገሻ ሕንጣሎ ነበረች፤ ራስ ወልደ ሥላሴ ትግራይን ከዚያ ሆነው ይገዙ ነበር። መቀሌ ያኔ ከእንደርታ ገባር አጥቢያዎች አንዷ ነበረች። አካባቢው ግን ለነጋዴ እግር አዲስ አልነበረም። በኲሓ የተገኙት ጥንታዊ የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች በመካከለኛው ዘመን ሙስሊሞች እዚያ ሰፍረው እንደነበር ያሳያሉ።

ከደጋው አፋፍ በታች የአፋር ረባዳ ምድር አለ። እዚያ የጨው ንጣፉን በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ አሞሌ ያወጣሉ። አሞሌው በገመድ ተጠፍሮ በግመል ይጫንና በበራህሌ በኩል ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ይህ የጨው ጉዞ አርሆ ይባላል። አሞሌ ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ከጨው ምድሩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንር ነበር። ስለዚህ ግመሉ ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ የሀብት በር ነበር።

በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን በር፣ መቀሌን፣ ለመናገሻነት መረጡ። ቦታው እህል ለሚያበቅሉት ለእንደርታና ለራያ ቅርብ ነው፤ ወደ ሸዋም ያቀርባል። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የድንጋይ ቤተ መንግሥታቸውን ገነባላቸው። አብያተ ክርስቲያናት ታነጹ፤ የመኳንንቱና የባለሙያው ሰፈር ዙሪያውን በቀለ። የሰኞው ገበያ፣ ዕዳጋ ሰኑይ፣ የሩቅ ነጋዴ መሳብ ጀመረ። የአጥቢያዋን ዕጣ የለወጠው ይህ ገበያ ይመስላል።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። መናገሻነቱ ወደ ሸዋ ሄደ፤ አሞሌው ግን መምጣቱን አላቋረጠም።

ትግራይን የወረሩት ጣሊያኖችም የቦታውን ዋጋ አልሳቱትም፤ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሸጉ። በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የውኃ ምንጩን አስይዘው ምሽጉን በጥም አስጨነቁት፤ የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖም በጥር ወር ለቆ ወጣ። ያ ኮረብታ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ናሬቲ የገነባው ቤተ መንግሥትም አሁን ድረስ በከተማዋ መሐል ቆሟል።