ቀኑ ተጣርቷል?

ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ከምንጭ ጋር የሚያመሳክር ሰው አለ፤ መረጃ አጣሪ። ፊደል አራሚው «ዓድዋ» በትክክል መጻፉን ያያል፣ አጣሪው ጦርነቱ በእርግጥ በተባለው ቀን መደረጉን ይጠይቃል።

ዛሬ ማጣራት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር የሐሰት ፎቶ ማጋለጥን ነው። እሱም ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ማንም ሊዋሽ ሳያስብ የሚያትመው ስሕተት ነው፤ የእኛ አገሩ ደግሞ በአብዛኛው ከዘመን አቆጣጠር ይመነጫል።

ጸሐፊው ከፈረንጁ ዓመት ስምንት ቀንሶ ያልፋል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚቀነሰው ግን ሰባት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን። እዚህ ስምንት ልክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱት ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ «መስከረም 1966» ብሎ አምጥቶልኝ ስምንት መቀነሱን እየማለ ተከራከረኝ። «ታዲያ የየካቲት 66 አብዮት የፈነዳው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው?» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄደ።

የምወደው ወጥመድ ግን የዓድዋው ነው። የካቲት 23 ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ላይ ስለሆነ ድሉን «ማርች 2 ቀን 1896» የሚል ሞልቷል። ትክክለኛው ማርች 1 ነው። ፈረንጆች በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርጉ አለፉ፤ እኛ ጳጉሜን 6ን በአራት ዓመት አንዴ ማስገባታችንን አላቋረጥንም። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን የምኒልክ ዘመን ቀን በዛሬ ካላንደር የሚቀይር ሰው፣ ስሌቱ ልክ ሆኖ እንኳ ቀኑን ይስታል። ቀኑን በዚያው ዘመን ከተጻፈ ደብዳቤ ወይም ጋዜጣ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማስቀመጥ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? የእስራኤልና የዓረቦች የስድስት ቀን ጦርነት «በ1967» ተብሎ ባዶውን ታትሞ ያነበበ ተማሪ፣ ጦርነቱንና የንጉሡን መውረድ በአንድ ዓመት ቢያደርጋቸው ምን ይፈረድበታል? ጦርነቱ እኮ በእኛ 1959 ነው።