ከዋሻ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ማርያም

የአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቶሎ ትዝ የሚለው ላሊበላ ወይም ጎንደር ነው። ከመገናኛ ግርግር ብዙም ሳይርቅ፣ የካ ተራራ ላይ ከአለት የተጠረበ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ግን እዚሁ ተወልደው ካደጉት እንኳ የማያውቁ ብዙ ናቸው። አስጎብኚ ድርጅት ሳትቀጥሩ፣ በታክሲና በእግር የካንና እንጦጦን ለማየት ካሰባችሁ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ከከተማው ሆነው ሲያዩት አንድ የተያያዘ ተራራ ይመስላል፤ በእግር ሲሞክሩት ግን ቀኑ አይበቃም።

የመጀመሪያውን ጠዋት ከአለት ለተጠረበው ለዋሻ ሚካኤል ስጡ። እታች እስካለው የካ ሚካኤል ድረስ ታክሲ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው በባሕር ዛፍ መሐል የሚወጣ ዳገት ነው። መንገዱ ስለሚከፋፈል የሰፈሩን ሰው እየጠየቃችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ግን አትውጡ። በክረምት ጭቃው አያስኬድም፤ ከመስቀል በኋላ ያሉት ወራት ግን ሰማዩም መሬቱም የጠራበት ጊዜ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ግንብ አትጠብቁ። ግድግዳውም፣ ዓምዱም፣ በሩም ተፈልፍለው የወጡት ከአንድ አለት ነው። ግንበኛ የጠመመበትን ድንጋይ አንስቶ ሌላ ይተካል፤ አለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ የወሰደውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ ቸኩላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ፤ ቀስ ብላችሁ ዙሩት። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ለነገሥታቱ ለአብርሃና አጽብሐ ይሰጣል፤ አጥኚዎች ደግሞ ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው ፈርሶ ውስጡ ለሰማይ ተጋልጧል። ዝናብና ፀሐይ እንዲህ ሲፈራረቁበት ማየት ያሳዝነኛል። ሰው በብዛት ቢያየው ተቆርቋሪ ያገኛል ብዬ ስለማምን ነው ጉዞውን ከዚህ የማስጀምራችሁ።

እንጦጦ የሚወጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዞ ማርያም። ነጠላ ያልያዘች ሴት ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች ትገዛለች። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ በሐምሌ ብቻ ሳይሆን በታኅሣሥ ጠዋትም ይበርዳል፤ ዳገቱ ላይም ትንፋሽ ያጥራል።

ፍሎረንስ ሄዶ የኡፊዚን ሙዚየም ማየት የሚፈልግ ሰው ቲኬቱን አስቀድሞ ይቆርጣል። እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ከቲኬቱ በፊት የሚያስፈልገው የአጽዋማት አቆጣጠር ነው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል፤ በጾም ቀን ግን የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሄዳችሁ በጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ቤተ መዘክርና የምኒልክን ቤተ መንግሥት አስቀድሙ፤ ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁም ጫማችሁን አውልቃችሁ ቁሙ እንጂ ካሜራ አታውጡ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በዚችው በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ መዘክሩ የእሳቸውና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት አሉ። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥት ግዙፍ አዳራሽ ለሚጠብቅ ሰው ትንሽና ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ከደጁ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ታሪኩ በዓይን ይነበባል። ከፍታው ጠላትን አሻግሮ ለማየት ጥሩ ነበር፤ ግን ብርዱ ከባድ፣ ማገዶውም ሩቅ ነበር። ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሜዳውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። አዲሲቱ ከተማም በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ቆርጣ ስለጨረሰች ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ያው ዛፍ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለልጆች ጥሩ ነው። ጉልበት ካላችሁ ደግሞ በእግር ወደ ሽሮ ሜዳ ውረዱ። ጀርባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከኋላ ይደርሱባችኋል። ጥጉን ይዛችሁ አሳልፏቸው፤ በቁልቁለቱ ላይ ያ ሸክም ቆሞ መጠበቅን አይፈቅድላቸውም።