«አልጋ አለ?» በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ስለ ማደር፦ ተረትና እውነታ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ላይ ፀሐይ ካዘቀዘቀችበት መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አልጋ አለ?» «ክፍል አለ?» ብሎ የሚጀምር ብዙ አይገኝም። በዚህ መንገድ ላይ አልጋ ማለት ክፍሉም፣ ቁልፉም፣ ሌሊቱም ነው።

በሌላው ዓለም በትንንሽ ከተሞች የሚገኙ የቆዩ ቤቶች ለእንግዳ አልጋና ቁርስ እያቀረቡ ዕድሜያቸውን ያራዝማሉ። በምዕራብ ጎጃምም አልጋው አለ፣ ቁርሱ አለ፣ የቆየው ቤትም አለ። ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እምብዛም ስለማይገናኙ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

ተረት፦ «ሆቴል» የሚል ታፔላ ካለ አልጋም ቁርስም አለ።

እውነታ፦ በትንሽ ከተማ ሆቴል ማለት ብዙ ጊዜ ምግብ ቤት ነው። ሥጋ ተሰቅሎበት፣ ማኪያቶ እየፈላበት፣ አንድም አልጋ የሌለው ሆቴል ሞልቷል። ማደሪያውን የሚናገሩት ሌሎች ቃላት ናቸው። «አልቤርጎ» ከጣልያንኛ የወረስነው ሲሆን የሚከራይ የማደሪያ ክፍልን ያመለክታል። «ፔንሲዮን» ደግሞ አልጋ ብቻ የሚያከራይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቤት የሌለው ቤት ነው። ስለዚህ ቁርስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ቁልፍ ሳይቀበሉ መጠየቅ ይበጃል።

አልጋና ቁርስ የተለያዩበት ምክንያት አለው። የረጅም ርቀት አውቶቡስ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 እና 12 ሰዓት መካከል ይነሳል። ተሳፋሪው ቁርሱን የሚያገኘው መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ዳቦ በሻይ፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወራት የደረሰ እንግዳ ቅቤና እንቁላል ከብዙ ቤት ላያገኝ ይችላል፤ ሽሮ ፍርፍሩ ግን አይጠፋም። «ቁርስ» ራሱ «ቆረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነውና የሚቆረስ ካለ ቁርስ አለ።

ተረት፦ እንግዳን በቤት ማሳደር ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው።

እውነታ፦ ከውጭ የመጣው በሒሳብ ማሳደር ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መንገደኞች ግን ሜዳ ላይ አላደሩም። የሲራራ ነጋዴው፣ የቆሎ ተማሪው፣ ጠበል የሚሄደው በሽተኛ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። መልሱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ነበር። ውኃ ይሞቃል፣ እግር ይታጠባል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። በመንግሥት ትእዛዝ ለሚጓዝ እንግዳ ደግሞ የአገሩ ሰው ድርጎ ያቀርብ ነበር።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ውስጥ ግሽ ሲደርስ እንዲህ ባለው ወግ ነው የተስተናገደው። ግሽን በጉልት መልክ የሰጡት የጎንደሩ ንጉሥ ነበሩ፤ በስፍራው የተቀበሉት ደግሞ የዓባይ ምንጭ አገልጋይ የነበሩት የአካባቢው ሹም ናቸው። ብሩስ የዓባይን ምንጭ «አገኘ» የሚለው ወሬም እዚህ ላይ ይስተካከላል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት አይቶታል፤ የግሽ ሰዎች ደግሞ ምንጩን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ተረት፦ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ያለ አሮጌ ቤት ሁሉ «የጣልያን ቤት» ነው።

እውነታ፦ ጣልያን በጎጃም የቆየው ከአምስት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ነው፤ እሱም በአርበኞች ተከቦ። ቡሬ ላይ የነበረውን ምሽግ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ለቆ ወጣ። በከተሞቹ ያሉት የቆዩ ቤቶች አብዛኞቹ የአገሬው አናጢ በእንጨትና በጭቃ የሠራቸው፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው።

ዕድሜያቸውን ለመገመት ግድግዳው የተመረገበት ጭቃ የተላጠበት ቦታ ላይ ቆሞ እንጨቱን ማየት ይጠቅማል። ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ቀጭንና ለስላሳ ማገር ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ወደ ጎጃም ለመዝለቅና ለቤት ለመድረስ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ምሰሶው ባሕር ዛፍ የሆነን ቤት «በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ የተሠራ» የሚል ሰው ቢያጋጥም ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው። ምሰሶው ጽድ ወይም ወይራ ከሆነ፣ መጋጠሚያው በምስማር ሳይሆን በጠፍርና በሐረግ ከታሰረ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ማገር ይቀየራል፤ መሐል ምሰሶ ግን ቤቱ ሳይፈርስ አይነቀልም።

ተረት፦ የቆዩ ቤቶች ማደሪያ ያልሆኑት ባለቤቶቻቸው ቸልተኞች ስለሆኑ ነው።

እውነታ፦ የብዙዎቹ ጣጣ ከባለቤትነት ይጀምራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተተወለት አንድ መኖሪያና ለሥራው የሚያስፈልገው የንግድ ቤት ነበር። ለእንግዳ የሚሆኑት ሰፋፊ ቤቶች ብዙዎቹ «የቀበሌ ቤት» ሆኑ። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለቆርቆሮ እንኳ አይበቃም። ጣሪያው አንዴ ካፈሰሰ ጭቃው ይርሳል፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ በጥቂት ክረምት ቤቱ ይዘማል። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለእድሳቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ቤቱን ከመፍረስ ይጠብቀዋል፣ ነገር ግን ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ ይዞ አይመጣም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሐረር አሳይታለች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች «ጌ ጋር» የሚሉትን ባህላዊ ቤታቸውን ሳያፈርሱ እንግዳ ያሳድራሉ። እንግዳው ነደባ የሚሉት መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሞሰብና ሳህን እያየ፣ የቤቱ እመቤት ያቀረበችለትን ቁርስ ይበላል። በሰሜን ወሎ መቄት ደግሞ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እግረኛ ጎብኝዎችን በማኅበር ማስተናገድ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሰከላና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው የጃቢ ጠህናን ወረዳ ከዚህ የሚማሩት ብዙ ነው።

ተረት፦ የትንሽ ከተማ አልጋ ትኋን አያጣም፤ አገሩ ደጋ ስለሆነ ግን ወባ የለም።

እውነታ፦ ሁለቱም ስህተት ነው። ትኋን የሚፈልገው የሰው ደም እንጂ ቆሻሻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. መኸር የፓሪስ ሆቴሎች በትኋን ወሬ ተጨናንቀው ነበር። የሚመጣው በሻንጣና በልብስ ነው፤ ስለዚህ የሚፈተሸው የከተማው ስፋት ሳይሆን ፍራሹ ነው። የስልክ መብራት አብርቶ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ራስጌ ማየት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሌላ ክፍል መጠየቅ ይበቃል። ንክሻው ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በሽታ ማስተላለፉ ግን አልተረጋገጠም።

ወባ የከፋ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች የመታው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ዘልቆ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ሁለቱም ከተሞች በዚያ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ አጎበር የሌለውን አልጋ ይዞ ከማደር አጎበር ያለውን ፈልጎ ጥቂት ብር መጨመር ይሻላል።

ተረት፦ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አልፎ መሄጃ እንጂ ማደሪያ አይደሉም።

እውነታ፦ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ጠዋት የሚያየው አያንሰውም። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለችው ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት አገር ናት። ቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው መንገድ መነሻ ስትሆን፣ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተተከለባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በርበሬዋ ስሟን ከጎጃም አልፎ አስጠርቷል። ከበርበሬ ለቀማ በኋላ በየግቢው ሸራ ተነጥፎ ቀዩ ፍሬ ሲሰጣ፣ በአጠገቡ ያለፈ ሰው ያስነጥሳል። ያው በርበሬ ተደልዞና ተፈጭቶ በሽሮው ፍርፍር ቁርሱ ላይ ይመጣል።

ዛሬ እዚያ ለማደር የሚያስብ ሰው ግን ሌላም ማወቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ሕይወት ቀጥፏል፤ መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ፣ የምሽት ጉዞም አደገኛ ሆኗል። እንግዳ አሳድረው የሚኖሩት ቤቶችም እንግዳ አጥተዋል። ከመነሳቱ በፊት በከተማው ውስጥ ላለ ዘመድ ወይም ለአልጋ ቤቱ ራሱ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማጣራት፣ ከደረሱም በጊዜ መግባት ያስፈልጋል። ባለ አልጋው ስልክ ሲያነሳ ከዋጋው በፊት ስለ መንገዱ ይነግራል፤ እስከ ስንት ሰዓት በሩን ከፍቶ እንደሚጠብቅም ይናገራል።