የወንዝ ልጅ ውሃ ሲጠማው

አማርኛን የሚማር ሰው ፈጥኖ ከሚሰማቸው ተረቶች አንዱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ነው። ትርጓሜውም በሀብት አጠገብ ተቀምጦ መቸገር ማለት ነው። ይህ ተረት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ተፈጽሞ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት የሉዊዚያና ጠረፍ ነው።

ሚሲሲፒ ከ31 የአሜሪካ ግዛቶችና ከ2 የካናዳ ክፍላተ ሀገር ውሃ የሚሰበስብ ታላቅ ወንዝ ነው። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ አፈር እያወረደ፥ በጎርፍ ጊዜም ከዳርቻው እየወጣ፥ ደለሉን በባሕሩ ጠረፍ ላይ በማንጠፍ ሰፊ ረግረግ ፈጠረ። ስለዚህ ረግረጉ የወንዙ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. (እዚህና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የበረታ ጎርፍ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ስላፈናቀለ፥ መንግሥት በወንዙ ግራና ቀኝ ጠንካራ ግድብ አሠራ። ከተሞች ከጎርፍ ተጠበቁ፤ ረግረጉ ግን ደለሉንና ጨው የሌለበትን ውሃ ተከለከለ። በዚህም ላይ ለነዳጅ ዘይት ሥራ የተቈፈሩት ቦዮች የባሕሩን ጨው ወደ ውስጥ አስገቡ፤ መሬቱም እያደር ሰመጠ። ከ1932 እስከ 2016 ድረስ 4,833 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ይኸውም ከነበረው መሬት አንድ አራተኛው፥ ወደ ውሃነት ተለወጠ።

ለዚህ የታሰበው መድኃኒት በግድቡ ላይ በር ሠርቶ የወንዙን ውሃ እየለኩ ወደ ረግረጉ መልቀቅ ነው። በ1991 በካርናርቮን የተከፈተው በር በሴኮንድ እስከ 226 ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል። የመጀመሪያ ዓላማው የባሕሩን ጨው መግታት ነበር። የደፈረሰ ውሃ በእንስራ ሲያድር ጭቃው ወደ ታች ወርዶ እንደሚጠልል ሁሉ፥ በረግረግም ውስጥ ውሃው በሣር መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ውሎ አድሮም መሬት ይሆናል።

ይሁን እንጂ የሚለቀቀው ውሃ ከደለል ሌላ ምን ይዞ ይመጣል? ሚሲሲፒ ከሰፊው የበቆሎ እርሻ የታጠበውን ማዳበሪያ፥ በተለይም ናይትሬት የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሸከማል። ይህም ወደ ባሕር ሲገባ አልጌ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ ተክሎች ያበዛል፤ እነርሱም ሞተው ሲበሰብሱ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። ኦክሲጅን ያነሰበት የባሕር ክፍል በ2017 ሲለካ 22,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህም መለካት ከተጀመረበት ከ1985 ወዲህ ከታየው ሁሉ የሰፋ ነበር።

በዚህ ነገር ረግረግ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ ወገን፥ በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ስለሚሰዱት ውሃው ይጠራል። በሌላ ወገን፥ ምግቡን ያለ ድካም የሚያገኝ ተክል ቅጠሉን ሲያበዛ ሥሩን ያሳንሳል፤ አፈሩን አጥብቆ የሚይዘው ግን ሥሩ ነው። በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ በካርናርቮን አጠገብ የነበረው ረግረግ በብዛት ተነቀለ። አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱ የወንዙ ማዳበሪያ ነው አሉ። ሌሎች ግን ጨው በሌለበት ውሃ የሚበቅለው ሣር ቀድሞም ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ዐውሎ ነፋሱም በዚያ በኩል በርትቷል ብለው ተከራከሩ።

ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ እየሰበሰቡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች፥ የወንዝ ውሃ ከመጠን በላይ ሲገባ እንስሳው ይሞትብናል ይላሉ። በባራታሪያ በ2023 የተጀመረው፥ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተገመተው ታላቅ የውሃ መጥለፊያ ሥራ በ2025 በሉዊዚያና መንግሥት ተሰርዟል። ከተጠቀሱት ምክንያቶችም ውስጥ የዋጋው መናርና በዓሣ አጥማጆች ኑሮ ላይ ያስከትላል የተባለው ጉዳት ይገኙበታል። በሌላው ወገን ግን ረግረጉ እየጠፋ ሲሄድ ዐውሎ ነፋስን የሚያበርድላቸው ጋሻ እንደሚያጡ የሚሰጉ የጠረፍ ነዋሪዎች አሉ።

እናት ለልጇ ውሃ ስትሰጥ የጽዋውን መሙላት ብቻ አትመለከትም፤ ውሃው ከየት እንደ ተቀዳም ትጠይቃለች። ለመሬት ውሃ የሚያደርስ ሹምም «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የሉዊዚያና ረግረግ መዳንም በጠረፉ ላይ ባለው በር ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በበቆሎ ማሳው ላይ ማዳበሪያ የሚበትነው ገበሬም ድርሻ አለበት።